ኤስዲሲ ማን ነው? የዲስክ ስምና የዲስክ ማንነት በሊነክስ ሬይድ

የዛሬው ርዕስ ሲታይ የኮምፒውተር ሰዎች ብቻ የሚጨነቁበት ነገር ይመስላል፦ ሊነክስ ዲስኮችን በምን ስም ይጠራል? ሬይድን የሚያስተዳድሩ መሣሪያዎችስ በየትኛው ስም ማመን አለባቸው? እኔ ግን በዚህ ጥያቄ የተነሳ የአያቴን ድምፅ ለአንድ ሌሊት አጥቼዋለሁ። ስለዚህ ታሪኩን ልንገራችሁና ከዚያ ወደ ማብራሪያው እንግባ።

ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለጥቂት ዓመታት በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ እየዞርን የሽማግሌዎቻችንን ታሪክ በድምፅ ስንቀዳ ቆይተናል። የተቀዳው ሁሉ የሚቀመጠው ቂርያት ማላኪ ውስጥ በአንድ ማትናስ ጓዳ፣ በሊነክስ በሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ውስጡ አራት ዲስኮች አሉ። አንዱ ለሥርዓቱ ራሱ ነው፤ ሦስቱ በሬይድ 5 ተያይዘው ቅጂዎቹን ይይዛሉ። ከቅጂዎቹ መካከል አያቴ፣ ዚኽሮና ሊቭራኻ፣ ስለ አምቦበር የተናገሩት አራት ሰዓት አለ። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። ይህም ራሱ ስህተት ነው፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ጠዋት ከኮምፒውተሩ ኢሜይል ደረሰኝ። «ኤስዲሲ የተባለው ዲስክ ተበላሽቷል» ይላል። አልደነገጥኩም። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢሞትበት ሥራውን ይቀጥላል። አዲስ ዲስክ አዘዝኩ። ዲስኩ እስኪመጣ ድረስ ኮምፒውተሩ ለማሻሻያ ተዘግቶ እንደገና ተነስቶ ነበር፤ እሱንም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ዲስኩ ሲመጣ ማታ ወደ ማትናሱ ሄድኩ። የኤስዲሲን ሲሪያል ቁጥር ከኮምፒውተሩ ጠይቄ በወረቀት ጻፍኩ፣ ማሽኑን ዘጋሁ፣ ያንን ቁጥር የያዘውን ዲስክ አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ፣ አበራሁ። ተጠንቅቄአለሁ ብዬ ነው እንግዲህ። አሬዩ ግን አልነሳም። ከሦስቱ ዲስኮች አንድ ብቻ ነው ያለው፣ በአንድ ዲስክ አይሆንም አለኝ።

እንዴ! ያወጣሁት ጤነኛውን ነበር።

ሬይድ 5 ባጭሩ

ወደ ስሞቹ ከመግባታችን በፊት ሬይድን ለማያውቅ ሁለት ቃል ልበል። ሐሳቡ በዚህ ስም የታወቀው በ1988 ነው፤ በካሊፎርኒያ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትስ ባወጡት ጽሑፍ። ርካሽ ዲስኮችን አንድ ላይ አሰልፎ፣ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ እንዲተኩት ማድረግ ነው።

ለሬይድ 5 እንዲህ አስቡት። በአንድ ወረቀት 7 ጻፉ፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው ድምራቸውን 12። ከሦስቱ ወረቀቶች የፈለጋችሁት አንዱ ቢጠፋ በቀሩት ሁለቱ ታገኙታላችሁ። ሁለት ከጠፋ ግን አለቀ። እውነተኛው ስሌት ድምር ሳይሆን ፓሪቲ የሚባል ነው፤ ድምሩም በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይቀመጥም፣ በሦስቱም ላይ እየተፈራረቀ ይጻፋል። ሐሳቡ ግን ይኸው ነው። እኔ እንግዲህ አንዱ ወረቀት ከተቃጠለ በኋላ ሁለተኛውን በእጄ ያወጣሁ ሰው ነኝ።

ኤስዲሲ ስም ሳይሆን ተራ ነው

ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ፣ ኤስዲዲ የሚሉትን የሚሰጠው ከርነሉ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ያገኘውን ዲስክ ‹ኤ› ይለዋል፣ ቀጥሎ ያገኘውን ‹ቢ›፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ዲስኩ ላይ የተጻፈ ነገር አይደለም። በኩፓት ሖሊም ተራ ስትይዙ ማሽኑ የሚሰጣችሁ ወረቀት በሉት፤ ዛሬ 43 ብትሆኑ ነገም 43 ትሆናላችሁ ማለት አይደለም።

በኔ ኮምፒውተር የሆነው ይህ ነው። ኤስዲሲ የተባለው ዲስክ መጀመሪያ ተበላሸ፤ ኢሜይሉ በዚያን ሰዓት እውነቱን ነበር የነገረኝ። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲነሳ ግን ያ ዲስክ ጨርሶ ሞቶ ስለነበር ለከርነሉ «አለሁ» አላለም። ስለዚህ ከሱ ቀጥሎ የነበረው፣ ትናንት ኤስዲዲ የተባለው ጤነኛ ዲስክ፣ ወደ ፊት ተጠጋና ኤስዲሲ ተባለ። እኔ የትናንቱን ደብዳቤ ይዤ የዛሬውን ኤስዲሲ ፈለግኩ። ቁጥሩን በጥንቃቄ ጽፌአለሁ፤ የጻፍኩት ግን የሌላ ዲስክ ቁጥር ነው።

ያን ጊዜ የአሬዩን ሁኔታ የሚያሳየውን ፋይል፣ ኤምዲስታት የሚሉትን፣ አንድ ጊዜ ብከፍተው ኤስዲሲ በሥራ ላይ መሆኑን ይነግረኝ ነበር። አልከፈትኩም። ደብዳቤው ነግሮኛል አይደል?

ጎረቤት ዲስክ ሲሞት ብቻ አይደለም ይህ የሚሆነው። የዩኤስቢ ዲስክ ተሰክቶ ሲነሳ፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ሲዛወር፣ አዲስ ካርድ ሲጨመር፣ አንዳንዴም ምንም ሳይነካ፣ ፊደሎቹ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ከርነሉ ዲስኮቹን ጎን ለጎን ስለሚፈልግ ቀድሞ የመለሰው ቀድሞ ይሰየማል።

ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን ዩዴቭ የሚባለው የሊነክስ ክፍል ለእያንዳንዱ ዲስክ ሌሎች ስሞች ያዘጋጃል። በ‹ባይ-አይዲ› ማህደር ውስጥ የዲስኩ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ስም ይሆናል፤ ይህ ከፋብሪካው ጀምሮ ያለ፣ ዲስኩ የትም ቢሄድ የማይለወጥ ነው። በ‹ባይ-ፓዝ› ውስጥ ደግሞ ስሙ ዲስኩ የተሰካበት ቀዳዳ ነው። ‹ባይ-ዩዩአይዲ› ላይ የሚገኘው ዲስኩ ውስጥ ያለው የፋይል ሥርዓት መለያ ነው። አንዱ ሰውየውን ይነግራችኋል፣ አንዱ አድራሻውን፣ አንዱ የተሸከመውን ዕቃ። ሦስቱም ይጠቅማሉ፤ ግን አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም አይቻልም።

ዲስኩ ራሱ የያዘው መታወቂያ

በድሮው ጊዜ የሊነክስ ሬይድ ሬይድቱልስ በሚባሉ መሣሪያዎች ይተዳደር ነበር። እነሱም ሬይድታብ በሚባል ፋይል ላይ አባል ዲስኮችን በስማቸው እየዘረዘሩ ይሠሩ ነበር። ፊደሎቹ ሲቀያየሩ ዝርዝሩ ይዋሻል። ከ2001 ጀምሮ ኒል ብራውን የጻፈው ኤምዲአድም የሚባለው መሣሪያ ቦታቸውን ወሰደ፤ ዛሬም የምንሠራው በሱ ነው።

የኤምዲአድም ዋና ብልሃት ማንነትን በዲስኩ ላይ ከተጻፈ መዝገብ ማንበቡ ነው። መዝገቡ ሱፐርብሎክ ይባላል። በእያንዳንዱ አባል ዲስክ ላይ ጥቂት ቦታ ይይዛል፤ ውስጡም እነዚህ አሉ፦

የአሬዩ ዩዩአይዲ። ይህ 128 ቢት ርዝመት ያለው ቁጥር ነው፤ በአንድ አሬይ ውስጥ ያሉ ዲስኮች ሁሉ አንድ ዓይነት ይይዛሉ። የቤተሰብ ቁጥር በሉት።

የዲስኩ የራሱ ዩዩአይዲ። ይህ ለእያንዳንዱ የተለየ ነው።

ቦታው። በአሬዩ ውስጥ 0ኛ ነው፣ 1ኛ ነው ወይስ 2ኛ?

የክስተት ቆጣሪ። አሬዩ ላይ ለውጥ በተመዘገበ ቁጥር ይጨምራል። ከአሬዩ ተለይቶ የቆየ ዲስክ ቆጣሪው ወደ ኋላ ስለሚቀር ያረጀ መረጃ እንደያዘ ይታወቃል።

ስለዚህ ኤምዲአድም አሬይ ሲያነሳ ዲስኮቹን አንድ በአንድ «ቤተሰብሽ ማን ነው? ስንተኛ ነሽ? እስከ መቼ ድረስ ታስታውሻለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ፊደሉ ምንም ይሁን ምን ግድ የለውም። ሦስቱን ዲስኮች አደበላልቃችሁ ብትሰኳቸው በትክክል ያሰልፋቸዋል።

ያን ሌሊት ያዳነኝም ይኸው ነው። መጀመሪያ ግን ልጠፋ ነበር። በስልክ ያማከርኩት ጓደኛ «በቃ፣ እንደገና ክሬት አድርጊው» አለኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ክሬት ማለት አዲስ አሬይ መፍጠር ነው፤ በዲስኮቹ ላይ አዲስ ሱፐርብሎክ፣ አዲስ ዩዩአይዲ ይጽፋል፤ የድሮው መታወቂያ ይጠፋል። የዲስኮቹ ተራ ወይም የቁራጩ መጠን ከድሮው ጋር ካልገጠመ የሚነበበው ሁሉ ትርጉም የሌለው ይሆናል። የቁራጭ መጠን ደግሞ ዝም ብለን ስንተወው በድሮዎቹ እትሞች 64 ኪሎባይት፣ በአዲሶቹ 512 ነው። በዚያ ላይ አዲሱ አሬይ ፓሪቲውን እንደገና መጻፍ ከጀመረ መመለሻ የለም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ ደወለች። «ምን ሆነሽ ነው እስካሁን?» አለች። ነገርኳት። ዝም አለችና፣ «የእማዬ ድምፅ እዛ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው ዛሬ ምንም አትንኪ። ቀስ ብለሽ እይው» አለች። ስለ ሬይድ ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

በማግስቱ ያወጣሁትን ዲስክ መለስኩ። ከመጻፌ በፊት በኤምዲአድም የ‹ኤግዛምን› ትእዛዝ ሁለቱንም አነበብኩ፤ ይህ ትእዛዝ ያነባል እንጂ ምንም አይነካም። የአሬይ ዩዩአይዲያቸው አንድ ነው። አንዱ 0ኛ፣ ሌላው 2ኛ ነው። የጎደለው 1ኛው፣ የሞተው ነው። ኮምፒውተሩን በሥርዓት ዘግቼ ስላወጣሁት የክስተት ቆጣሪያቸውም እኩል ነው። በዩዩአይዲው ጠርቼ አነሳሁት፤ ተነሳ። አዲሱን ዲስክ ከመጨመሬ በፊት የአያቴን ቅጂ ወደ ሌላ ቦታ ገለበጥኩና ከፈትኩት። «በስማም፣ ይሄ ነገር ይሰማል እንዴ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። አለቀስኩ፣ ምን ልበላችሁ።

በኛ ቤት ያለው ስምና ቁጥር

ይህንን ለምን በማኅበረሰባችን ገጽ እንደምጽፈው አሁን ይገባችኋል። እኛ ይህን ችግር ከሊነክስ በፊት እናውቀዋለን።

በአገር ቤት የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው የራሱ ስም አለው፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ቀጥሎ የአያቱ። ወደ እስራኤል ሲመጡ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ጠየቀ። አንዱ የአባቱን ስም አስመዘገበ፣ ሌላው የአያቱን። በዚህ የተነሳ የአንድ እናትና አባት ልጆች ሆነው በተለያየ የቤተሰብ ስም የተመዘገቡ አሉ። ለብዙ ልጆች ደግሞ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። አያቴ ሦስት ስም ነበራቸው፦ በአምቦበር የሚጠሩበት፣ በተዑዳት ዘሁት ላይ ያለው፣ እና የሐኪም ቤት ጸሐፊዎች እንደሰሙት የሚጽፉት። በቅጂዎቻችን ዝርዝር ውስጥ አያቴን ሦስት ሰው አድርገን መዝግበናቸው እንደነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሦስቱ ሰው አንድ መሆናቸውን ያረጋገጥነው በሚስፓር ዘሁት ነው፤ ዘጠኝ አኃዝ ያለው፣ ስም ቢለወጥም የማይለወጥ ቁጥር።

ቦታዎቹም እንደዚሁ ናቸው። ቂርያት ማላኪ «የመላእክት ከተማ» የተባለችው ለሎስ አንጀለስ አይሁዶች ክብር ነው፤ ሎስ አንጀለስም «መላእክት» ማለት ነውና። ከዚያ በፊት ግን በቦታው የነበረው ማዓባራ ቃስቲና ይባል ነበር፤ መገናኛ መንገዱን እስከ ዛሬ ቃስቲና የሚሉት አሉ። ያቭኔም በግሪኮች ያምኒያ፣ በዐረብኛ ይብና ተብላለች። ስሙ ተለዋወጠ፣ ቦታው ያው ነው።

ግን ቁጥር ብቻ ይበቃል ማለቴ አይደለም። በ1991 ግንቦት 24 እና 25 በሰለሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ያህል ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሳ፣ በጥድፊያው ውስጥ ሰው እንዳይጠፋ ቁጥር ያለበት ወረቀት በግንባር ላይ ይለጠፍ ነበር። ፎቶዎቹን አይታችኋል። አያቴም አንዷ ነበሩ። ቁጥሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ቤተሰባችን ሳይጎድል ደርሷል። አያቴ ግን በቅጂው ላይ፣ «ቁጥሩን ረሳሁት። ማንም በዚያ ቁጥር ጠርቶኝ አያውቅም» ይላሉ። ቁጥር ሰው ለመለየት ነው፣ ስም ለመጥራት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲሠራ ነው ጥፋት የሚመጣው።

ኤምዲ127 ከየት መጣ?

የስሙ ጉዳይ በዲስኮቹ አያበቃም፤ አሬዩም ራሱ ስም አለው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሦስቱን ዲስኮች ገዴራ ወዳለ አዲስ ኮምፒውተር አዛወርናቸው። ቂርያት ማላኪ ውስጥ አሬዩ ኤምዲ0 ይባል ነበር። ገዴራ ሲደርስ ኤምዲ127 ሆኖ ተነሳ። የፋይል ሥርዓቶችን ዝርዝር በያዘው ኤፍኤስታብ ላይ «ኤምዲ0ን ክፈት» ተብሎ ስለተጻፈ ኮምፒውተሩ እየጠበቀ ቆመ። ብዙ ሰው ኤምዲ127ን ሲያይ «አሬዬ ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሱፐርብሎኩ የአሬዩን ስም ከተፈጠረበት ኮምፒውተር ስም ጋር አጣምሮ ይይዛል። ኤምዲአድም አንድ አሬይ ሲያገኝ «ይህ የቤቱ ልጅ ነው ወይስ እንግዳ?» ብሎ ያያል። በኮምፒውተሩ ማዋቀሪያ ፋይል ካልተመዘገበና የኮምፒውተሩ ስም ካልገጠመ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ የባለቤቱን ወንበር አይይዝም፤ ኤምዲ0 የሚለውን ስም ቢወስድ ከቤቱ አሬይ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ ከ127 ጀምሮ ወደ ታች ከሚቆጠሩት ነፃ ቁጥሮች አንዱ ይሰጠዋል። በስም የሚጠራበት አቋራጭም ወይ የቀድሞውን ኮምፒውተር ስም ከፊቱ እንዳዘለ፣ ወይ ከኋላው ቅጥያ ቁጥር ተጨምሮበት ይወጣል።

በኔ አስተያየት ይህ ጨዋ አሠራር ነው። ጉድለቱ ዝም ማለቱ ነው። «ይህ አሬይ ከሌላ ቤት የመጣ ስለሆነ ጊዜያዊ ስም ሰጥቼዋለሁ» የሚል አንድ መስመር ጎልቶ ቢታይ ብዙ ሰው በድንጋጤ ክሬት ከማለት ይድን ነበር።

መሣሪያዎቹ እንዴት ቢሠሩ ይሻላል?

ከደረሰብኝ ተነስቼ አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ማንነት ምንጊዜም ከሱፐርብሎኩ ይነበብ። ይህን ኤምዲአድም ዛሬም በደንብ ያደርጋል፤ ማንም በፊደል ወደሚዘረዝር አሠራር አይመልሰው።

ሁለተኛ፣ ለሰው የሚላክ መልእክት ፊደሉን ብቻ አይያዝ። ለኔ የመጣው ኢሜይል «ኤስዲሲ» በሚለው ላይ ሲሪያል ቁጥሩንና በአሬዩ ውስጥ ያለውን ቦታ ቢጨምር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። ፊደሉ እውነት የሚሆነው ኮምፒውተሩ እስኪዘጋ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ከዚያ በኋላም ይነበባል።

ሦስተኛ፣ መመለሻ የሌላቸው ትእዛዞች፣ በተለይ ክሬት፣ ከመጻፋቸው በፊት የሚነኩትን ዲስክ በሲሪያል ቁጥሩ ጭምር ያሳዩ። ኤምዲአድም ዲስኩ ቀድሞ የሌላ አሬይ አባል መሆኑን ካየ ያስጠነቅቃል፤ ግን በፊደሉ ስለሚጠራው የትኛው ዲስክ እንደሆነ ሰው አያውቅም።

አራተኛ፣ ሰው የሚሰጠው ስም ይከበር፣ ግን ለማንነት አይዋል። ስሙ ከ32 ባይት አይበልጥም። አዳዲሶቹ እትሞች ደግሞ ለአዲስ ስም የላቲን ፊደል፣ አኃዝና ጥቂት ምልክቶች ብቻ ይቀበላሉ፤ በግዕዝ ወይም በዕብራይስጥ ፊደል መሰየም አይቻልም። ቅር ይለኛል፤ ምክንያቱን ግን እረዳለሁ። በየቦታው የሚሄድ ስም የትም ቢደርስ ሳይበላሽ መነበብ አለበት። የአያቶቻችንን ስም በየመዝገቡ ሲለዋወጥ ያየ ሰው ይህን አይንቅም።

እናንተስ ምን ታድርጉ?

በቤታችሁ ወይም በሥራችሁ ሊነክስ ሬይድ ካለ፣ ዛሬ ግማሽ ሰዓት ስጡት። የእያንዳንዱን ዲስክ ሲሪያል ቁጥር ከሚገኝበት ቦታ ጋር ጽፋችሁ በሳጥኑ ላይ ለጥፉ። የአሬዩን ዩዩአይዲ በማዋቀሪያው ፋይል አስመዝግቡ፤ በኡቡንቱና በዴቢያን ከሆነ ከዚያ በኋላ መነሻ ምስሉን፣ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለውን፣ ማደስ አትርሱ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የድሮውን ያነባል። በኤፍኤስታብ ላይ ኤምዲ0 ከማለት የፋይል ሥርዓቱን ዩዩአይዲ ጻፉ። ዲስክ ከማውጣታችሁ በፊት፣ በዚያው ሰዓት፣ ኤምዲስታትን ክፈቱ። ግራ ከገባችሁ አንብቡ እንጂ አትጻፉ።

እና ከሁሉ በላይ፣ ሬይድ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ ከእኔ እጅ ግን አያድንም። አሁን የአያቴ ድምፅ በገዴራ አለ፣ ያቭኔ ባለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ በእናቴ መሳቢያ ውስጥም በትንሽ ዲስክ አለ። እናቴ በዲስኩ ላይ ወረቀት ለጥፋበታለች። ሲሪያል ቁጥሩን እኔ ጻፍኩበት። ከሱ በላይ በትልልቁ፣ አያቴ በአምቦበር የሚጠሩበትን ስም፣ እሷ ጽፋበታለች።